የሚስ ኦፓል ምላስ

የወርቅውሃ ሌሊት ከምትሠራበት የሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትወጣው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከበርክሌ በአውቶቡስ መጥታ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ወርዳ፣ ኦክላንድ ያለው የሚስ ኦፓል ማድ ቤት ስትደርስ ዓይኖቿ አሸዋ እንደገባባቸው ይቆረቁሯታል። ወንበር ላይ አንድ አፍታ ተቀምጣ ጫማዋን ትለውጥና ሽርጧን ታስራለች። ዕረፍቷ ያቺው ናት። አራት ዓመት እንዲህ ሠርታለች።

ሚስ ኦፓል ሰባ ያለፋቸው፣ በልጅነታቸው ከጆርጂያ የመጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ለሠርግና ለጡረታ ሽኝት ምግብ እያዘጋጁ ይልካሉ። ስማቸውን ያስጠራው ግን ሽሪምፓቸው ነው፤ ይህ ትንሽ የባሕር እንስሳ በኮምጣጤና በዘይት ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ አድሮ፣ ከዋናው ምግብ በፊት ቀዝቀዝ እንዳለ የሚቀርበው። የዚያን ሽሪምፕ ነገር የወርቅውሃ እጅ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ምላሷ ግን አያውቀውም። ባደገችበት ቤት እንዲህ ያለ እግረ ብዙ ነገር አይበላም። መላጡንም መቀቀሉንም እሷ ትሠራለች፤ መቅመስ የሚስ ኦፓል ድርሻ ነው። አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም።

በፈረንጆቹ 1986 ግንቦት ውስጥ አንድ ዓርብ፣ ምግብ የሚያደርሰው አክሊሉ ሣጥን ሊያወርድ ገብቶ ጠጋ አላት።

«እትዬ የወርቅውሃ፣ ባለፈው ሪችመንድ ያደረስኩት ሽሪምፕ ሳይነካ ነው የተመለሰው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨው በዝቶበታል ብለው ኮምፕሌን አደረጉ።»

«ለሚስ ኦፓል ነገርካቸው?»

«ምን ብዬ ልንገራቸው? እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ የሠሩትን።»

የወርቅውሃ ወደ ማጠቢያው ተመለሰች። ለነገ ጡረታ ለሚወጣ የበርክሌ ፕሮፌሰር ሽኝት ሠላሳ ፓውንድ ሽሪምፕ ይጠብቃታል። ልጣጩን እየገፈፈች፣ የጀርባውን ጥቁር ጅማት በቢላዋ ጫፍ እየሳበች ስታወጣ ሦስት ሰዓት ቆመች። ጣቶቿ ደነዘዙ። ከዚያ በፈላ ውኃ ከሎሚና ሴለሪ ከሚሉት ቅጠል ጋር ለአፍታ ቀቀለችውና፣ ቀላ ብሎ ሲጠቀለል አውጥታ በረዶ ላይ ገለበጠችው።

ሚስ ኦፓል መዘፍዘፊያውን ሊያዘጋጁ አዲስ የዘይት ቆርቆሮ ከፈቱ። የወርቅውሃ ከማጠቢያው ዘንድ ሆና ሽታው አፍንጫዋን መታት። ዘይቱ ተበላሽቷል፤ የቆየ ቀለም ቀለም ይሸታል። ሚስ ኦፓል ግን ቆርቆሮው ላይ አጎንብሰው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሳህኑ ማንቆርቆር ጀመሩ። ማንኪያ ነክረው ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው።»

የወርቅውሃ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀረበች።

«ሚስ ኦፓል፣ ዘይቱ ተበላሽቷል።»

አሮጊቷ ማንኪያውን እንደያዙ ቀሩ። መጀመሪያ የተቆጡ መሰላት። ኋላ ግን በርጩማ ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ከየካቲቱ ጉንፋን ወዲህ ነው» አሉ ቁልቁል እያዩ። «ቡናም ውኃም አንድ ሆኑብኝ። በትዝታ ነው የምሠራው። ጨው ጨምሬ እንደሆነ እንኳ ይጠፋኛል።»

«ሐኪሙስ?»

«ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ትቀምሺልኛለሽ?»

የወርቅውሃ ያን ሰዓት የተመኘችው መተኛት ብቻ ነበር። እንቢ ብትል ሴትዮዋ እንደማይቀየሟትም ታውቃለች። ዘይቱን ደፋችና ሌላ ቆርቆሮ ከፈተች። ኮምጣጤ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ሰናፍጭ፣ ጨው ጨመረችበት። ሽሪምፕ ገና ስላልገባበት ያንን መቅመስ አልከበዳትም። ጨው ቀነሰች፣ ኮምጣጤ ጨመረች። ከዚያ ሽሪምፑን ከቀጫጭን የሽንኩርት ቀለበቶች ጋር በትልልቅ ጠርሙሶች ደረደረችና መዘፍዘፊያውን አፍስሳ ፍሪጅ አስገባችው።

«የነገው ነው ዋናው» አሉ ሚስ ኦፓል። «ሲያድር ሽሪምፑ ጨዉን ይጠጣል፣ የራሱንም ውኃ ይተፋል። ከመላኩ በፊት መቀመስ አለበት።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዱን ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። መስታወቱ አላበው። ሚስ ኦፓል ሹካ አስጠጉላትና ዞር ብለው ትሪ መወልወል ያዙ። የወርቅውሃ ሽሪምፕ አላነሳችም። ከመሐል አንዲት የሽንኩርት ቀለበት በሹካዋ አወጣች። ሌሊቱን ሙሉ አብሮ ያደረ ሽንኩርት ከሽሪምፑ እንደማይለይ ታውቃለች፤ ራሷን ለማታለል አልሞከረችም። አማትባ ጎረሰችው።

ቅዝቃዜው ጥርሷን ነካት። ቀጥሎ ኮምጣጤው መጣ፣ ከሱ ኋላ የማታውቀው የባሕር ጣዕም፣ ለስለስ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል። አኘከችና ዋጠችው።

«ሎሚ ያንሰዋል» አለች። «ጨዉ ልክ ነው።»

በየጠርሙሱ ሁለት ሁለት ሎሚ ጨመቀችበት። ሚስ ኦፓል «እርግጠኛ ነሽ?» ብለው አልጠየቋትም። አክሊሉ ማታ ባዶ ሳህኖቹን ይዞ ሲመለስ፣ አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እየተመላለሱ እንደወሰዱ አወራላቸው። ሚስ ኦፓል ፈገግ አሉ፤ ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። ጠርሙስ ውስጥ ከቀረው አንድ ሽሪምፕ አፋቸው ጨምረው ለረጅም ጊዜ አኘኩና ወደ መስኮቱ ፊታቸውን አዞሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት በኋላ የወርቅውሃ ንስሐ አባቷን አባ ወልደገርጊስን ጥግ ወስዳ ነገረቻቸው። አባ በሥራ ቀን ሳን ሆዜ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ ከእሷ ባልተናነሰ ደክሟቸው ነበር። ግድግዳውን ተደግፈው አዳመጧት።

«ሽንኩርቱን ብቻ ነው?»

«ሽንኩርቱን ብቻ ነው፣ አባ። ግን ያው ነው።»

«አምሮሽ ነው ወይስ ለሥራ?»

«ለሥራ ነው። ሴትዮዋ መቅመስ ተስኗቸው።» ነጠላዋን እየሰበሰበች «ግን ጣመኝ» አለች።

አባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት ነበር።

«እሱን ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ስግደት የለም። ከጰራቅሊጦስ በኋላ አርባ ትሰግጃለሽ።»

«ደግሞ ብቀምስስ፣ አባ? ለዓርብ ሌላ ትእዛዝ አለ።»

«እሱንም ያን ጊዜ ትነግሪኛለሽ» አሏትና መስቀላቸውን አሳለሟት።

የሚስ ኦፓል ምላስ አልተመለሰም። ማድ ቤቱ እስኪዘጋ ሁለት ዓመት ሙሉ የወርቅውሃ ቀመሰችላቸው፤ ሁልጊዜም ሽንኩርቱን ነው። ሚስ ኦፓል በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ፊቷን እያዩ ይጠብቃሉ፣ እሷም ቆማ እያኘከች፣ ምን እንደሚጎድል ታስባለች።