ሁለት ተኩል ወንበር

በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የተቀደደ አንሶላ መጥቀም። የቀረው ሁሉ ቆሞ ነው፤ ያውም እንፋሎት ፊት ላይ እየተነፈሰ። ከአምስቱ ሴቶች ማን እንደምትቀመጥ በየወሩ በዕጣ ይለያል። ትራስ ልብስ ውስጥ አራት ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍና አንድ ነጭ የካፖርት ቁልፍ ይገባል። ነጩ የወጣላት ትቀመጣለች። ወር በመጣ ቁጥር የምትቀመጠው ግን የአለቃዋ የእህት ልጅ ናት።

ግትሯ የሚሏት ሴት ጉልበቷ ካበጠ ሰነባብቷል። ሐኪሙ መቆም ቀንሺ ብሏታል፤ ወንበሩን ከየት እንደምታመጣ ግን አልነገራትም። ለአለቃዋ አቤት ብትል፣ አምስት ሰው፣ አምስት ቁልፍ፣ ዓይን በሻሽ የታሰረ፣ ከዚህ በላይ እኩልነት ከሰማይ ይውረድልሽ ወይ ተባለች። ልብስ ተኳሿ ደግሞ፣ ሁልጊዜ ካሸነፈው ጋር የምትስማማው፣ ካውያዋን እየገፋች ልታጽናናት ሞከረች።

«ምን ያነጫንጭሻል? ወይ ይወጣልሻል፣ ወይ አይወጣልሽም። ግማሽ በግማሽ ነው።»

«ለእኔ ብቻ?»

«ለሁላችንም እንጂ።»

«ለአምስታችን ግማሽ ግማሽ ከደረሰን ሁለት ተኩል ወንበር መኖር አለበት። አንዱን አየሁት። አንድ ተኩሉን የት ደበቃችሁት?»



ነገሩ የተገለጠላት የሽርጧን ኪስ ስትዳብስ ነው። ክር ፈልጋ እጇን ብትሰድ፣ ከትንንሽ ቁልፎች መሃል አንድ ትልቅ ቁልፍ ሳታየው በጣቷ ለየችው። ቆማ ቀረች። ይህን ሁሉ ወር አራቱ ስለ ነጭና ጥቁር ሲያወሩ፣ ነጩ የጥቁሩን እጥፍ እንደሚያክል አንዳቸውም ልብ አላሉም። ልጅ ትቅደም እየተባለ ሁሌ ቀድማ የምታወጣውም ያቺው የእህት ልጅ ናት፤ ሌሎቹ እጃቸውን ሲያስገቡ ትልቁ ቁልፍ ሄዷል።

በዕጣው ቀን ትራስ ልብሱ ሳይቀርብ ግትሯ ተናገረች። «ያሰራችሁት ዓይኗን ነው። ጣቷን ማን አሰረው?»

የእህት ልጅየዋ መሬት መሬቱን አየች። አለቃዋ ተሰደብኩ ማለት ጀመረች፤ ሴቶቹ ሁሉ ሲያፈጡባት ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ እንዳሻችሁ አለች። ግትሯ ከአንድ አሮጌ ሸሚዝ የቆረጠቻቸውን አምስት ቁልፎች ዘረገፈች። መጠናቸው አንድ፣ ቀዳዳቸው አንድ፤ በአንዱ ላይ ብቻ የእስክሪብቶ ነጥብ አለ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ትቅደም አለች፤ ቁልፉ እኩል ከሆነ የቀደመችም የዘገየችም ከአምስት አንድ ነው ያላት።

ልጅቷ እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። ጉትቻ እንደጠፋባት ሰው ትበረብር ጀመር። ትልቁን ፈልጋ ፈልጋ ግንባሯ ላበው። በመጨረሻ ጨንቋት እጇ ላይ የመጣውን ጎትታ አወጣች።

ነጥብ ያለበት ነበር።

ከሁሉ በላይ የደነገጠችው ራሷ ናት። ከዚያ ሳቁ ተለቀቀ፤ ተኳሿ የአንሶላ ቅርጫት ላይ ወደቀች። አለቃዋ፣ አያችሁ ዕድሏ ነው፣ እንግዲህ የድሮዎቹ ቁልፎች ይመለሱ አለች። ሴቶቹም፣ ያቺው ከተቀመጠች ምን ልዩነት አለው ብለው ተስማሙ። በአንድ ጊዜ እንዲህ ለአለቃዋ ተጠቅልለው ገቡላት።

ግትሯ አልተከራከረችም። ነጩን የካፖርት ቁልፍ ስጡኝ አለች፤ እጅ የሰጠች መሰላቸው። በሩ ላይ የአለቃዋ ካፖርት ተሰቅሏል፤ ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ነጩ ቁልፍ ከየት እንደመጣ አሁን ሁሉም ገባቸው። ግትሯ በታመመ ጉልበቷ ቆማ፣ ክሩን ደርባ፣ ቁልፉን እዚያው ተከለችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና አለቃዋን አየቻት።

«ብርድ እንዳይመታሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ትራስ ልብሱ ውስጥ የሚገባ ሌላ ትልቅ ነጭ ቁልፍ አልነበረም። አምስቱ እኩል ቁልፎች ቀሩ። ግትሯም እያነከሰች ወደ እንፋሎቱ ተመለሰች።

«ምን አገኘሽ ታዲያ?» አለች ተኳሿ።

«ከአምስት አንድ። እስከ ትናንት ምንም አልነበረኝም።»

«አይዞሽ፤ ለሚመጣው ወር ወይ ይወጣልሻል፣ ወይ አይወጣልሽም።»

ግትሯ ክብደቷን ወደ ደህናው እግሯ አዞረች። «እንግዲያው ግማሹን ወንበሬን ስታገኚ ወዲህ አምጪልኝ። በአንድ ጎኔ እቀመጥበታለሁ።»