ቁጥር ሰባት መቀስ

በእስር ቤቱ ስፌት ክፍል መቀስ የማድለውም የምሰበስበውም እኔ ነኝ፤ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመቴ ነው። እያንዳንዱ እስረኛ የራሱ ቁጥር ያለው መቀስ አለው። ማክሰኞ ዕለት አንዱ እስረኛ ከጀርባው ተወግቶ ወደቀ፤ ማን እንደወጋው አላየም። አጠገቡ የተገኘው ቁጥር ሰባት ነው፤ የ«ዝምታው» መቀስ። ዝምታው ያልነው ካልጠየቁት ቃል ስለማይተነፍስ ነው። ሊፈታ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

አለቃችን ምን ቸገራቸው! «ሁለት ዓመት ተጨምሮበታል» ብለው ጽፈው ፈረሙ። እኔንም ሰባት የዝምታው መሆኑን አስፈረሙኝ። እሳቸው ፈርም ካሉ እምቢ የሚል ማን ወንድ ነው?

ሐሙስ ጠዋት ዐቃቤ ሕጓ መጣች። የመጨረሻ ልጄን የምታክል ቀጫጫ፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ። በሆዴ «ይቺንማ እፍ ቢሏት ትወድቃለች» አልኩ።

ወረቀቱን አንብባ «ክቡር ኃላፊ፣ ይሄ አይሆንም» አለች።

«ልጄ፣ እዚህ ግቢ አዛዡ እኔ ነኝ።»

«ለዲሲፕሊኑ አዎ፣ ደንብ የጣሰውን ይቅጡ። ሰው መውጋት ግን ወንጀል ነው። የሚመረምረው ፖሊስ፣ የምከሰው እኔ፣ የሚፈርደው ዳኛ ነው። ለእስረኛም ያው ነው።»

ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። አለቃዬ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የፈጣሪ ያለህ! በሃያ ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ቆሜ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ማክሰኞ ሰባትን ለማን ሰጡ?»

ዝምታው ያን ቀን የሸሚዝ ቁልፍ ሲተክል ነው የዋለው፤ መቀስ አልወሰደም። ሰባትን «የኔ ደንዝዟል» ብሎ ለለመነኝ ለሌላ እስረኛ ሰጥቼ፣ መዝገቡ ላይ ሳልጽፍ ቀረሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን እሷ አለቃዬን ያልፈራች፣ እኔ እሷ ፊት ልዋሽ? ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ፖሊስ ሰባትን የወሰደውን ጠራ፤ እሱም መውጋቱን አመነ። ዐቃቤ ሕጓም «ዝምታውን የምከስበት ነገር የለም» አለች።

«እኔስ?» አልኳት።

«መዝገብ አለመሙላት የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። እሱ የኃላፊው ሥልጣን ነው፤ እኔ አልገባበትም።»

አለቃዬ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በማግስቱ ከመቀሶቼ ነጥለው በር ጠባቂ አደረጉኝ።

የመፈቻው ቀን ሲደርስ በሩን ለዝምታው የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ቆም ብሎ አየኝ።

«አባባ፣ እኔማ አይናገሩም ብዬ ነበር» አለኝ።

«እኔም» አልኩት።