በተራ ቁጥር የገባንበት ለቅሶ

ሃሪ መሞቱን የነገረችኝ ፖስተኛዋ ናት። የፖስታ ሳጥኑ ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ሲል አይቼ፣ ከሆስፒታል መቼ እንደሚመለስ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ማስቲካዋን እያኘከች፣ "ሃሪ? ሃሪማ ሞተ እኮ፤ ሳምንታት አልፈውታል" አለችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። በኛና በሱ ቤት መካከል ያለችው ሰው ሰፋ አድርጎ ከተራመደ የሚሻገራት ሣር ናት። ሃሪ ዳቦ ሲያሳርር የሚሸተው እኛን ነው። እትዬ ማንያህልሻል ስልክ ስታወራ የሚሰማት ሃሪ ነው፤ አማርኛ ባያውቅም በማን እንደተናደደች ያውቅ ነበር። ከዚህ ሰው አጠገብ ይህን ሁሉ ጊዜ በልተናል፣ ስቀናል፣ ቴሌቪዥን ከፍተን አምሽተናል። እሱ ግን ሞቷል።

እትዬ ማንያህልሻል የአጎቴ የጋሼ ብዙነህ ሚስት ናት። አጎቴ የጭነት መኪናውን ይዞ አገር ለአገር ሲዞር ክሊንተንቪል ያለውን ቤት የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ እኔም ኮሎምበስ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው ከሷ ጋር ነው። ሮጬ ገብቼ ነገርኋት። ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። "ነፍሱን ይማረው" አለች። መክተፏን ቀጠለች።



ለቅሶ አንደርስም ወይ ብላት፣ እዚህ አገር ሳይጠሩ የሰው በር አይገፋም አለች። ለለቅሶም ይጠራል? አዎ፣ ለለቅሶም ኢንቪቴሽን ይላካል፤ ያልጠሩትን ሰው በራቸው ላይ ካዩ ፖሊስ ኮል ያደርጋሉ። እሷ በዚህ መንገድ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት የኖረችው ሥርዓቷን ጠብቃ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና መንጃ ፈቃድ እንኳ ሳላወጣ ሰፈሩን ላስተዳድር ነው ወይ? ሥርዓት የምትለው እጅ ማውለብለብ ነው። ከመኪና ስትወርድ ታውለበልባለች፣ ቆሻሻ ስታወጣ ታውለበልባለች፤ አሥራ ስምንት ዓመት እንደ ባንዲራ።

"ለዚህ ሰው ካልተለቀሰ፣ እኔ እዚህ ብሞት ማን ሊያለቅስልኝ ነው?" አልኋት።

"አታሟርቺ" አለችኝ። ቢላዋው ግን ቆመ።

ጥያቄው ለነገር አልነበረም፤ የምሬን ነው። ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የማሽግ ሰው ነኝ። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ስሜን አንብቦ፣ ትንሽ አስቦ፣ ሳይጠይቀኝ "ማራ" አለኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ በደረቴ ላይ ግማሽ ስሜን አንጠልጥዬ እሠራለሁ። እንግሊዝኛዬን ማንም አላስተማረኝም፤ ከመዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ በገዛ እጄ ያወጣሁት ነው። እዚህ ስደርስ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሰው ሁሉ "ምን?" ይለኝ ጀመር። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ሃሪ ብቻ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ "እንግሊዝኛሽ ከኔ ይሻላል፤ ፍሬን የለውም እንጂ" አለኝ። ማራናታ ብሎ ሙሉውን የሚጠራኝም እሱ ነበር።

እሑድ እሑድ እናቴ በሻንጣዬ ውስጥ በከተተችልኝ ሰማያዊ ጠርዝ ባለው የብረት ሳህን ምግብ እወስድለታለሁ። የመጀመሪያውን ጊዜ ሳህኑን አጥቦ ባዶውን መለሰልኝ። እኛ ዘንድ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም ብዬ ቆጣ አልሁ። ገባና ሁለት የባትሪ ድንጋይ አስቀምጦበት ወጣ፤ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር የለም አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ቲማቲም፣ አንድ ቀን የታሸገ ሾርባ፣ አንድ ቀን ከጓሮው የለቀመው እንኮይ የማይመስል እንኮይ ይመጣል። ባዶውን ግን ተመልሶ አያውቅም። የመጨረሻው እሑድ ሳህኑ እሱ ጋ እንዳለ አምቡላንስ መጣ።

መሞቱን በሰማሁበት ምሽት ስንዴና ሽምብራ ዘፈዘፍሁ። እትዬ ማንያህልሻል አየችኝና ወደ መኝታዋ ሄደች።

ማግስቱ ዓርብ፣ የሥራ ፈረቃ የሌለኝ ቀን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮቱን ስከፍት መንገዱ ከዳር እስከ ዳር መኪና ቆሞበታል። የሃሪ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ ደጁ ላይም የሚጠብቅ አለ። ልቤ በኩራት አበጠ። ይኸው ለቅሶ! ፈረንጅም ሰው ነው፤ ዘግይቶ ቢሆንም ይደርሳል። እትዬ ማንያህልሻልን ጠራኋት፤ በመጋረጃው ጫፍ አየችና፣ "የጠራቸው አለ ማለት ነው፤ እኛን አልጠሩንም" ብላ ተመለሰች።

እኔ ኢስትሙር ሰፈር ወዳሉት እትዬ ደስታ ደወልሁ። እትዬ ደስታ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው፤ በዚህ ከተማ ሐበሻ ሞቶ እሳቸው ያላለቀሱለት የለም። ሟቹን ማወቅ ለሳቸው ግዴታ አይደለም። ጎረቤቴ ብቻውን የኖረ ሽማግሌ ነው ስላቸው፣ ልጃቸው በመኪና አድርሷቸው ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተፍ አሉ። እኔም ጥቁር ለብሼ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፤ ንፍሮውን በድስት ተሸክሜ በጓሯችን በኩል ሣሩን ተሻገርን።

በሩ ላይ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ቆማ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ታድላለች። ለኛም ሠላሳ አንድ የሚል ካርድ ሰጠችን።

"ለቅሶም በወረፋ ሆነ?" አሉ እትዬ ደስታ።

እኔ ዐዋቂዋ አስረዳኋቸው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሐዘናቸውንም ቢሆን በሥርዓት ነው የሚያደርጉት፤ የኛ መጋፋት መቼም አያምርም አልኋቸው። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ባዶ ካርቶንና ትልልቅ ቦርሳ ይዘዋል፤ ምግብ አምጥተው ባዶ ዕቃቸውን ሊመልሱ ነው አልሁ። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዟል፤ ምናልባት መብራት ቆርጠውበት ይሆናል አልሁ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ተራችን ደርሶ ደፉን እንዳለፍን እትዬ ደስታ ለቀቁት።

"ወንድሜን! ብቻውን የሄደውን ወንድሜን!"

ደረታቸውን ሲመቱ መስታወቱ ነዘረ። ቤቱ ጭጭ አለ። ደረጃው ላይ የነበረች ሴት ብርጭቆ በእጇ እንደያዘች ደረቀች። አንድ ወጣት የሃሪን መብራት ከብብቱ ሥር ወሽቆ አፉን ከፍቶ ያየናል። እትዬ ደስታ እንዲህ ያለ ዝምታ ለምደው አያውቁምና የሚያግዘኝ ሰው የጠፋው ለምንድን ነው በሚል ዓይን አዩኝ፤ እጄን ጎትተውም ሶፋው ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ።

ከኋላችን ክርር የሚል ድምፅ ተሰማኝ። ዞር ስል አንድ ሸበቶ ሰው ሶፋውን በሜትር ይለካል። አየኝና ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይቅርታ፣ ሶፋውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ግን አትቸኩሉ፣ ስትጨርሱ እወስደዋለሁ" አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለሐዘናችሁ አዝናለሁ አለ።

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ የተከፈተው። መብራቱ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል። ግድግዳው ላይ ያለው የሠርጉ ፎቶግራፍ ፍሬም ላይ ተለጥፏል። በረንዳ ላይ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ተለጥፏል። በር ሥር የተደረደሩት ጫማዎቹ፣ ተረከዛቸው በሱ አረማመድ ወደ ውጭ እንደተበላ፣ እነሱም ላይ ተለጥፏል። አንዲት ሴት ካፖርቱን ለብሳ በመስታወት ፊት ትዞራለች። ለቅሶ አይደለም። የሰውዬውን ቤት ገበያ አድርገውታል፤ እኛም ገበያ መሐል ተቀምጠን እያለቀስን ነው።

"ምንድን ነው? ለምን ይወስዱበታል?" አሉኝ እትዬ ደስታ።  እዚሁ ይቆዩኝ ብያቸው፣ ድስቱን አስታቅፌያቸው፣ የማናግረውን ሰው ፍለጋ ወደ ማድ ቤት ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ የሃሪ ሹካና ማንኪያ በጎማ ታስሮ ተዘርግቷል። ከዚያ መሐል የእናቴ ሳህን። ሳህኑ ላይ አንድ ጥንድ ቀይ የሴት ጓንት፣ አዲስ፣ ገና ያልተፈታ። ለሳህኑ ለብቻው፣ ለጓንቱ ለብቻው ዋጋ ተለጥፏል። ባለፈው ክረምት ጓንት ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ ካልሲ በእጄ ሳጠልቅ ሃሪ እስኪያስለው ስቆብኝ ነበር።

ሳህኑን አነሣሁ። ሽርጥ የታጠቀች ሌላ ሴት ፈገግ ብላ፣ እንዲህ ያለ አሮጌ የብረት ሳህን ዛሬ በጣም ይፈለጋል፣ ጓንቱ ግን አብሮት አይሄድም አለችኝ።

"ሳህኑ የኔ ነው" አልሁ።

የምትከፍይው እዚያ ነው አለችኝ። የኔ ነው አልሁ ደግሜ፤ በዚህ ጊዜ ፍሬን የሌለው እንግሊዝኛዬ መጣና የእናቴን ስም፣ እሑዱን፣ ባትሪ ድንጋዩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍሁት። ከገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ አንዲት ፀጉሯ አጭር ሴት ቀስ ብላ ተነሣች። የሃሪ አገጭ አላት።

ጁዲ እባላለሁ፣ ልጁ ነኝ አለች። የመጣችው ከአሪዞና ነው። ሳሎን ውስጥ የምታለቅሰው ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። የመጣችው ልታለቅስለት ነው አልኋት። አባቴን ታውቀው ነበር? አታውቀውም። ጁዲ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሷም ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥሁ፤ ማን ማንን እንዳስደነገጠ እግዜር ይወቅ።

ቢያንስ መቃብሩ ላይ ሄደን እንድንቆም ብዬ፣ "የት ነው የቀበራችሁት?" አልኋት።

ጁዲ ዞር ብላ ከኋላዋ ወዳለው መደርደሪያ አመለከተች። መደርደሪያው ላይ የሷ የእጅ ቦርሳ፣ የመኪና ቁልፏ፣ የጫማ ካርቶን የምታህል ቡናማ ሣጥን አለ። እኔ ከመደርደሪያው በላይ ባለው መስኮት አሻግሬ አየሁ፤ መቃብሩ በዚያ አቅጣጫ ነው ያለችኝ መስሎኝ። የጎረቤት ጋራዥ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ሣጥኗን እንደገና አየኋት። ላይዋ ላይ "የማይሸጥ" የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል።

 ያ በረንዳው ላይ ሲነሣ ወለሉ የሚንቋቋለት ሰውዬ ተቃጥሎ፣ አመድ ሆኖ እዚያች ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ሳህኔን ጠረጴዛው ላይ ትቼ፣ እትዬ ደስታን በክንዳቸው ይዤ ወጣሁ። ሸበቶው ሰው በሩን ያዘልን።

ቤት ስንደርስ የእትዬ ማንያህልሻል ልጅ ዮኤል ከእንቅልፉ ተነሥቶ እህል በወተት እየበላ ነው። እዚሁ የተወለደ ነውና የነገርኩትን ሰምቶ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። ሰው ሲሞት ዕቃው እንዲህ ይሸጣል፤ ማንም ያውቃል፤ ማስታወቂያው ሃይ ስትሪት ማዕዘን ላይ ተተክሏል፤ ለምን አልጠየቅሽኝም አለኝ። ማስታወቂያው እኛ በሄድንበት በኩል አልነበረም። እሱን ለመጠየቅ ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደልኝም።

ከእትዬ ማንያህልሻል የምሰማውን ስድብ ቆሜ ጠበቅሁ። ሁሉን በመጋረጃው ጫፍ አይታለች። ስለ ሣጥኗ ስነግራት ግን ወንበሩን ይዛ ቁጭ አለች።

"ስሙ ሃሪ ነው?" አለችኝ።

"ሃሪ ነው።"

"አሥራ ስምንት ዓመት እጄን አውለበለብሁለት" አለች።  ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ ዮኤልን፣ ወንበሮቹን ወደ በረንዳ አውጣ አለችው። ምን ልታደርጊ ነው ሲላት በእንግሊዝኛ፣ "እዚያ ካልተለቀሰለት እዚህ ይለቀስለታል" ብላ በአማርኛ መለሰችለት።

ተቀመጥን። ሦስት ጥቁር የለበሱ ሴቶች በክሊንተንቪል በረንዳ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው የሃሪ ንብረት በሰው ትከሻ ሲያልፍ። ምንጣፉ አለፈ። አልጋው አለፈ። ሸበቶው ሰው ከጓደኛው ጋር ሶፋውን ይዞ ሲደርስ ጎንበስ አለልን። የበረንዳው ወንበር ሲወጣ እንባዬ ሳላስበው መጣ፤ እትዬ ደስታ የጠዋቱን ድምፃቸውን መልሰው አነሡት፣ እትዬ ማንያህልሻልም ተቀበለቻቸው። አንዲት ውሻዋን የምታንሸራሽር ሴት ቆማ፣ አይታን፣ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። እትዬ ማንያህልሻል እጇን አላውለበለበችላትም።

ወደ ማታ አካባቢ መኪኖቹ ሲያልቁ ጁዲ ሣሩን ተሻግራ መጣች። በአንድ እጇ ሳህኔን ይዛለች፤ ወረቀቱን ልጣ አንሥታዋለች። ጓንቱ እንደነበረ ሳህኑ ላይ ነው።

"አብረው የተቀመጡ መሰለኝ" አለችኝ።

ሃሪ ባዶውን አልመለሰም። ሳህኑን በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

በሌላኛው ክንዷ ቡናማዋን ሣጥን አቅፋለች። ዕቃ ጫኞቹ ገና ቤት ውስጥ ናቸው፤ ብቻውን ልተወው አልቻልሁም አለች። እኛን አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ የማያውቀው ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እዚህ ምን ማድረግ ነው ያለብኝ?" አለችኝ።

"ምንም። መቀመጥ ነው" አልኋት።

ዮኤል የራሱን ወንበር ሰጣት። ሣጥኗን ግን የት እንደምታደርጋት ጠፋት፤ ወደ መሬት ልታስቀምጣት ጎንበስ ስትል እትዬ ማንያህልሻል ብድግ አለች። ለትልቅ እንግዳ እንደሚነሣ ሰው ነጠላዋን አስተካክላ፣ የራሷን ወንበር በመዳፏ ጠርጋ አቀረበችላት። ጁዲ አባቷን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

እትዬ ደስታ ሣጥኗን አዩ፤ እኔን አዩ።

"እሳቸው ናቸው?"

"አዎ" አልሁ።

አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ ከተማ ለስንቱ ሰው ድምፅ ያወጡት ሴት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ምንም አልወጣቸውም።