ከጀልባው ስር ማንም አይገባም

ሾፌሩ ይገዙ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ጀልባው የተጫነበት ተሳቢ የግራ ጎማው ኩሽኔታ እንደሚጮህ፣ ሳይቀየር ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ መውጣት እንደሌለበት ለኃላፊው ለጓድ ጉልላት በቃልም በጽሑፍም አመልክቷል። ጉልላት ግን ጀልባው ለአብዮት በዓል ጣና ላይ እንዲታይ ቃል ገብቷልና "መንገድ ላይ ታየዋለህ" ብሎ ዘጋው።

ነሐሴ መጨረሻ፣ 1974 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የጎጃምን መንገድ ይዘው የጉለሌን ዳገት እንዳጋመሱ፣ ተሳቢው ማጨስ ጀመረ። ይገዙ ተሳቢውን የሚጎትተውን ላንድሮቨር ዳር አስይዞ ወረደ። የጎማው መሀል እጅ አያስቀርብም። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ የመንገዱን ዳር አጨቅይቶታል። ከበታቻቸው፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የዘይነብ ሱቅ አለች፤ ላምባ ገብቷል ተብሎ ደጃፏ ላይ ሰው ተሰልፏል።

"ክሪኩን አውጣና አንሳው!" አለ ጉልላት ሰዓቱን እያየ።

"እንዲህ አይነሳም፣ ጓድ። ከኋላችን ቁልቁለት ነው። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፣ ክሪኩ ስር ጣውላ ይግባ፣ ያ ሁሉ ሰው ከታች ይነሳ።"

"ይሄ ሁሉ ስንት ሰዓት ሊፈጅ?"

"ቢበዛ ግማሽ ሰዓት።"

"ግማሽ ሰዓት የለኝም! አሻጥር እየሠራህ ነው አንተ ሰውዬ!"

አሻጥር የምትለዋን ቃል ሲሰማ ሰልፉ ጸጥ አለ። በዚያ ዘመን በዚያች ቃል ሰው ከቤቱ ወጥቶ ይቀር ነበር። ይገዙ ግን ከመፍራት ይልቅ ደሙ ፈላ። የለመነውም እሱ፣ አሻጥረኛውም እሱ!

"እኔ አላነሳም!" አለና የመኪናውን ቁልፍ ጭቃው ላይ ወረወረው። "ከፈለጉ ራስዎ ያንሱት!"

ጉልላት ኮቱን አውልቆ ጣለና ክሪኩን አወጣ። አንዲት ጠጠር ሳያግድ፣ ጭቃው ላይ ተክሎ ያሽከረክረው ጀመር። ጎማው ከመሬት ለቀቀ። "አየህ?" አለ። ከዚያ የሚያጨሰውን ለማየት ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ከተሳቢው ስር አስገባ።

ይገዙ የሚያየው ክሪኩን ነበር። እየሰመጠ ዘንበል ሲል አየው።

"ውጣ አንተ!" ብሎ ጮኸና በኮሌታው ጎትቶ ጭቃው ላይ ዘረረው። ክሪኩ ተፈናጠረ። ተሳቢው ከነጀልባው ተደፍቶ ላንድሮቨሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ጎተተው። የእጅ ፍሬኑ ባይይዝ ኖሮ ሱቋ ውስጥ በገባ ነበር። የተሰለፈው ሰው እየጮኸ ተበተነ።

ዘይነብ እየሮጠች መጣች። የተናደደች ሴት ካድሬ አትለይም።

"እኛ ሰው አንመስላችሁም? በዓላችሁን በሬሳችን ላይ ልታከብሩ ነው?" አለችው ጉልላትን። ወደ ይገዙ ዞረች፤ "ወንድሜ፣ ምን ላምጣልህ?"

"ወፍራም ጣውላ፣ እቴ። ድንጋይ እኛ እናመጣለን።" ከዚያ ኃላፊውን አየው። "ተነስና ድንጋይ ልቀም።"

ጉልላት ለቀመ። ይገዙ የላንድሮቨሩን ጎማዎችና የተሳቢውን የቀኝ ጎማ ከኋላ አገደ። የግራውን ብሎኖች ጎማው መሬት ሳይለቅ አላላ። ክሪኩን ዘይነብ ባመጣችው ጣውላ ላይ አቁሞ፣ በጀልባው ሆድ ሳይሆን በተሳቢው ብረት ስር አስገባው። ከፍ ሲልም ክሪኩ ቢከዳ የሚይዝ የጣውላ ድርድር ከጎኑ ከመረ።

"እስክጨርስ ከጀልባው ስር ማንም አይገባም!" አለ። ማንም አልገባም። ከዕቃ ግምጃ ቤት ለምኖ የያዘውን ኩሽኔታ ቀየረ፣ ግራሶ ሞላበት፣ አወረደው። የፈጀው ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር።

ጀልባው በበዓሉ ቀን ጣና ላይ ታየ፤ ተጨበጨበለት።

ጥቅምት ላይ ይገዙ ቢሮ ተጠራ። ትእዛዝ ባለመቀበልና የበላይን በማዋረድ ወደ አሰብ ተዛውሯል። ባለቤቱ አጸደ የስምንት ወር እርጉዝ ናት።

"ከስር ጎትቼ ማውጣቴስ የታለ?" አለ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ። "እሱም ይጻፍ እንጂ!"

ጉልላት ቀና አላለም። "እዚህ ጋ ፈርም።"

ይገዙ ፈረመ። ሲወጣ በሩን የደረገመበት ኃይል የጽሕፈት መኪና የምትመታዋን ልጅ ከወንበሯ አስነሳት።