ለአቶ አስናቀ ያጠመድኩት

አቶ አስናቀ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ ሲሉኝ መጀመሪያ ያልኩት "ማን ላከው?" ነው። በሚካኤል፣ ሌላ ምን ልበል! የቢሯችን የሥራ ሂደት ባለቤት፣ አለቃችን ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እሑድ ጠዋት ስብሰባ እየጠራ ከቅዳሴ ሲያስቀረን የኖረ ሰው። በፊቱ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ ዘወር ሲል ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም።

ጊዜው ሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ነው። ቦንጋ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ፣ ምን አወሩ ብሎ የሚጠይቅ ሦስተኛ አይጠፋም። ቢሮ ውስጥ አንድ ለአምስት ተደራጅተናል። የኛ አምስት መሪ ሠናይት ናት፣ ምሳ አብሬያት የምበላ ጓደኛዬ። በየሳምንቱ የሰማችውን ፎርም ላይ ትሞላለች። "ምን ላድርግ ትርንጎ፣ ባዶውን ስሰጣቸው ይቆጡኛል" ትላለች። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፤ በደብዳቤ ስንት ሰው ሲነሳ አይቻለሁ።

በየወሩ በአሥራ ሁለት የምንጠጣው የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። አሥራ አንድ ነን። አስናቀ አሥራ ሁለተኛ ልሁን ብሎ ጠየቀ። እኔ ይቅርብን አልኩ። አባ ገብረጊዮርጊስ፣ የማኅበሩ ካህን፣ "የተመለሰን ሰው በር ላይ መታወቂያ አንጠይቅም" ብለው አፌን አስዘጉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጸሎት ተደርጎ ዳቦው እንደተቆረሰ አስናቀ ተነሳ። ኮቱን ቆለፈ። "በእኔ በኩል የታዩ ድክመቶች" ብሎ ጀመረ። "አንደኛ፣ ጾም አለመጾም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛውን ከቅዳሴ ማስቀረት። ሦስተኛ..." ማኅበርተኛው ሁሉ ድርቅ አለ። ግምገማ ላይ አለቃ ግለ ሂስ ካወረደ ቀጥሎ ዙሩ ወደኛ እንደሚመጣ እናውቃለና! ቢሻው ዳቦውን እንደጎረሰ ቀረ። አባ ግን ከት ብለው ሳቁና "ልጄ፣ ይሄ እኮ ለኔ ብቻ ነው የሚነገረው፤ በል ተቀመጥ" አሉት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አይ ትወና፣ እኔን ሊያሞኝ! አልኩ በሆዴ።

ላጋልጠው ቆረጥኩ። ቢሻው የቢሯችን ባለሙያ፣ የማኅበራችንም ልጅ ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣውም። "ቢሻው የሚላከው ሪፖርት ሁሉ ውሸት ነው እያለ ያወራል" ብዬ ለአስናቀ ብቻ ልንገረው፤ ወሬው ከላይ ተመልሶ ከመጣ ሰላይነቱ ታወቀ ማለት ነው። ቢሻው እንዲህ ብሎ አያውቅም። ቢሆንስ ምን ችግር አለው፣ ነገር ከመጣ የፈጠርኩት እኔ ነኝ እላለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ውሸት ደግሞ ካልተለማመዱት ያስታውቃል። ስለዚህ ምሳ ላይ መጀመሪያ ለሠናይት እንደ እውነት አድርጌ ነገርኳት። "ውይ! ቢሻው? እውነትሽን ነው?" አለች። አመነች። ከሰዓት ለአስናቀ ደገምኩለት። ሰማኝና "ቢሻው?" አለ፣ በቃ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤው በእጄ አለፈ። አቶ ቢሻው ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል ወደ ደካ ተዛውረዋል ይላል። ደካ ደግሞ ከቦንጋ ሩቅ ነው። ሚስቱ ታንጉት ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ስለወለደች ሐኪሙ ከቦንጋ ሆስፒታል እንዳትርቅ አስጠንቅቋታል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ያዝኩት! አልኩ።

በአሥራ ሁለት ማኅበር ላይ ጽዋው ሳይዞር ተነሳሁ። "ቢሻውን ደካ ያስላከው ወሬ ለአቶ አስናቀ ብቻ የተነገረ ነው!" አልኩ። "የምን ወሬ እትዬ?" አለኝ ቢሻው። እኔ ፈጠርኩት የምለው አሁን ነበር፤ አላልኩም። "እሳቸው ይንገሩህ" አልኩ። አስናቀ ቀና ብሎ አየኝ። "ከላይ ጠርተው ጠይቀውኝ ነበር። ቢሻው እንዲህ አላለም ብዬ ፈርሜአለሁ። አልሰሙኝም" አለ። ማን ያምነዋል! "ይውጣልን" ያለ ሰው አለ። አባ ተዉ እያሉ እሱ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ።

እኔ ነገረኛዋ አልበቃኝም፤ በዝናብ እስከ በር ድረስ ተከተልኩት።

"ታዲያ ከየት ሰሙ?"

"ይቅር ወይዘሮ ትርንጎ።"

"አይቀርም! ይንገሩኝ!"

"ፎርሙን አሳይተውኛል። 'ከወይዘሮ ትርንጎ የተሰማ' ይላል። ሠናይት ናት የሞላችው፤ እርስዎ ለኔ በነገሩኝ በዚያው ቀን።"

ክው አልኩ። ያ ምሳ፣ ያ "እውነትሽን ነው?" ዓይኔ ላይ መጣ። "ለምን እዚያ ውስጥ አልተናገሩም?" አልኩት።

"ያስወጡዎታላ። እኔ ውጭ መሆኑን ለምጄዋለሁ" አለና ጭቃውን እየረገጠ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት አባን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸውና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። አልተቆጡኝም። "መጨረሻ ንስሐ የገባሽው መቼ ነው?" አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ማኅበር ጠጥቻለሁ፣ ተረኛ ሆኜ ደግሻለሁ፣ ማን ቀረ ማን መጣ ብዬ ስቆጥር ኖሬአለሁ። ንስሐው ግን... "አላስታውስም አባ" አልኩና እንባዬ ፈሰሰ። የጠፋሁትስ እኔ ነኝ ለካ! አስናቀ እንኳ መጥፋቱን ያውቅ ነበር። አባ ጋቢያቸውን አስተካክለው "መጀመሪያ ቢሻው ቤት ሂጂ። ከዚያ ቢሮ። ከዚያ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ" አሉኝ።

ቤታቸው ስደርስ ቢሻው ዕቃ የሚጭን መኪና ሊፈልግ ወጥቷል። ፍራሹ በገመድ ታስሯል፣ ሳህኖቹ በጋዜጣ ተጠቅልለዋል። ታንጉት ወገቧን ደግፋ ተነሳችና ሁለት እጄን ያዘችኝ። "እትዬ ትርንጎ! ከዚያ ሁሉ ሰው ለኛ የተቆረቆርሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ያንን ያወራብንን እግዜር ይፍረድበት።"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

ሳቀች፤ የምቀልድ መሰላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሠናይትንም፣ ደብዳቤው ሲመጣ ደስ ያለኝንም አልደበቅኩም። እጆቿን ከእጄ አወጣች።

"አሁን ቢሮ ሄጄ ዋሽቻለሁ ብዬ ጽፌ እፈርማለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ" አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ቅንጣት እምነት አልነበረም። ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደችና ጫማዋን በእግሯ መፈለግ ጀመረች።

"የት ልትሄጂ ነው በዚህ ሆድሽ?"

"ስትፈርሚ ለማየት" አለች።

ባጃጅ ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። ቢሮ ድረስ ያለውን ዳገት ወጣነው፤ እኔ ከፊት፣ እሷ እያለከለከች ከኋላዬ። ላግዛት ዞር ባልኩ ቁጥር ትቆማለች፤ ስራመድ ትከተለኛለች።