የጢንዚዛው ወንድነት የጠፋበት ከሰዓት

ባሌ ኤልፒድዮ ካረፈ ወዲህ ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ ሳቅ ያመልጠኛል። ጥፋቱ የጢንዚዛው ነው።

ኤልፒድዮ እዚህ ሐላፓ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር፤ ልቡ ግን እበት ከሚበሉ ጢንዚዛዎች ዘንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በላይ ጉም የማይለየው ጫካ ገብቶ ማጥመጃ ጣሳ ይቀብራል፤ ጣሳው ውስጥ የሚያደርገውን ማማለያም ከቤት ይዞ ይሄዳል። ማማለያው ምን እንደሆነ አልናገርም። ዓርብ ዓርብ ባቄላ በደንብ እንድንበላ ይወተውተን ነበር ማለት ይበቃል።

አንድ ቅዳሜ ጀርባው እንደ ጠርሙስ ስባሪ አረንጓዴ የሆነ፣ ግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ያለው ጢንዚዛ ይዞ መጣ። መጽሐፉን ሁሉ አገላብጦ አጣው። አዲስ ዝርያ ነው። ሾርባ እየጠጣን እንኳ "ቀንዱን ግን አየሽው?" ይለኛል።

ችግሩ እነዚህ ጢንዚዛዎች ላያቸው ይመሳሰላል፤ አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው የወንዱ ብልት ቅርጽ ነው። እሱ ወጥቶ ካልተሳለ አዲስ ዝርያ የሚያወጣው የሳይንስ መጽሔት መግለጫውን አይቀበልም። የያዝነው ወንድ ደግሞ አንድ ብቻ። ጫካውም በዚያው ሰሞን ለአቮካዶ ተክል ተመነጠረ።

እሑድ ከሰዓት፣ ውጭ እያካፋ፣ ኤልፒድዮ ጢንዚዛውን በሙቅ ውኃ አለሰለሰና በወረንጦ ሆዱን ከፈተው። ሰሊጥ የምታክል፣ ማር የመሰለች ነገር አወጣ፤ በብሩሽ ጠራርጎ ትንሿ የመስታወት ሳህን ላይ አስቀመጣት። የምስለው እኔ ነኝና ጠራኝ። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ብደቅን ሳህኗ ባዶ ናት።

"የታል?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ብልቱ ነዋ።"

በዚህ መሃል ታላቅ እህቱ ዶኛ ቲላ ታማሌ የሚሉትን የበቆሎ ጥቅልና ሰሊጥ የተነሰነሰበት ሞሌ የሚሉትን ወጥ በሳህን ይዘው ገቡ።

"እትዬ፣ ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ" አላቸው። "ብልት ጠፍቶብን ነው።"

ዶኛ ቲላ በድንጋጤ ሳህኑን አዘነበሉት። "የማን?"

ወደ ጢንዚዛው ጠቆመ። አማተቡና "ተመስገን" አሉ።

አሁን ወለሉ ላይ ሰሊጥ ፈሷል። ሦስታችንም ተንበረከክን። ዶኛ ቲላ፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ጉልበታቸው መሬት ነክቶ የማያውቅ ሴት፣ በአጉሊ መነጽር እየለቀሙ "ይኸው አገኘሁት" ይላሉ። ማይክሮስኮፑ ላይ እናደርገዋለን፤ ሰሊጥ ነው። ደግሞ "ይኸው" ይላሉ፤ ደግሞ ሰሊጥ ነው። ኋላ ላይ ተስፋ ቆርጠው የለቀሙትን ቃም ሲያደርጉ ኤልፒድዮ ሊያብድ ደረሰ።

በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። "ጫካው ሄደ፣ ናቻ" አለኝ። "ይሄም ከጠፋ ይሄ ፍጡር እዚህ ምድር ላይ ነበር የሚል ሰው የለም።"

ላባብለው ፊቱን ብይዘው፣ ሪዙ ላይ ማር የመሰለች ነገር ተሰክታለች። የብሩሹን ጫፍ ለማሾል በከንፈሩ ያረጥበዋል፤ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ሁሉ ያደርጉታል። ብሩሹ ላይ ተጣብቃ ወደ ሪዙ ሄዳ ነው።

"እንዳትተነፍስ" አልኩት። "ሪዝህ ላይ ነው።"

ዶኛ ቲላ ጎንበስ ብለው አዩ። "በዚህ አፍህ ነው ቅዱስ ቁርባን የምትቀበለው?" አሉት።

ይሄን ጊዜ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቁን ሲያምቅ እንባው በጉንጩ ወደ ሪዙ ይወርዳል። ዶኛ ቲላ በአንድ እጃቸው ትንፋሹ እንዳያበርራት አፍንጫውን ጨምቀው፣ በሌላው እንባውን በጉርድ ቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እኔ ወረንጦዬን ይዤ፣ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ ያን ያህል ተጠግቼው አላውቅም፣ ቀስ ብዬ ለቀምኳት። ግሊሰሪን ውስጥ ጨምሬ ብልቃጧን ከደንኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሦስታችንም ወለሉ ላይ በሳቅ የተዘረርነው፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ በር እስኪደበድብ።

ስስላት ጫፏ እንደ ማጭድ ወደ ግራ ይቆለመማል። ከሚታወቁት የጢንዚዛው ዘመዶች አንዱም እንዲህ የለውም። ኤልፒድዮ መግለጫውን ቆሞ ያስጽፈኝ ጀመር፤ ግን መቆም አልቻለም። አንድ ሐረግ ይልና እስከ በሩ ዘሎ ይመለሳል፤ በመንገዱ እህቱን ይስማል፤ እሳቸው ሪዝህን ታጠብ እያሉ ይገፉታል።

"ወደ ግራ ብለሽ ጻፊ፣ ናቻ። ወደ ግራ።"

ጽፌው ነበር። ደስ እንዲለው ደግሜ ጻፍኩለት።