ለትንቢት ማን ይንገራት

ልጅቷ መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ ለጥፋ ከሴት ወደ ሴት ትዞራለች። በድንኳኑ አግዳሚዎች ላይ ከተቀመጡት ፊት እየቆመች ዓይን ዓይናቸውን ታያለች፤ ትጠብቃለች፤ መልስ ስታጣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

«ጠምቷታል መሰለኝ» አለች አንዷ።

ባለሱቋ ጎረቤታቸው ሀጅራ ከጀሪካኑ ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። ትንቢት ኩባያውን ተቀብላ አየችው። ሳትጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠችውና እጇን ወደ ጉሮሮዋ መለሰች።

«ቅድምም ሰጥቻት ነበር እኮ» አለች ሀጅራ ወደ ሐዘንተኛዋ ጎንበስ ብላ። «አሟት ይሆን? ከሱቅ ማር ላምጣላት?»

ጥሩብርሃን ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ ልጇን አየች። የወለደቻት፣ ያጠባቻት፣ ጸጉሯን የምትሠራት እሷ ናት። ምን እንደምትል ግን አታውቅም። የሚያውቀው ሰው ትናንት ተቀብሯል።

«እንጃ፣ እትዬ» አለች። «አባቷ ነበር የሚረዳት።»

ባሏ ደበበ፣ ኮቸሬ ውስጥ ጨለለቅቱ ሳሉ፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው የሞተ እንደሆነ ገና ጭጋጉ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ ከቤታቸው በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ይወጣል። ጥሩምባውን ነፍቶ ሲያበቃ የሟቹን ስም ከነአባቱ፣ የሚቀበርበትን ቦታና ሰዓት ይጠራል። ድምፁ ከገበያው አልፎ ቡና ማጠቢያው ድረስ ይሰማል። ቡና የሚለቅም ቅርጫቱን ያስቀምጣል፤ ቆጮ የምትፍቅ እጇን ትታጠባለች። ሽማግሌዎቹ እየቀለዱ፣ «እኔ ባልሰማውም አንተው ጥራኝ፣ ስሜ ያምርልኛል» ይሉት ነበር።

ትንቢት የእናቷ ጀርባ ላይ የምትታዘል ሕፃን ሳለች አንድ ጠዋት ጥሩምባውን እዚያው በራቸው ላይ ነፋው። ዶሮዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ። ሕፃኗ ግን ጉንጯን እናቷ ትከሻ ላይ እንደጣለች ተኝታለች።

«እንቅልፋም ናት» ብሎ ሳቀ።

ጠጋ ብሎ ደግሞ ነፋ። ልጅቷ አልተነቃነቀችም። እንደገና ነፋ፤ አሁን አልሳቀም። ጥሩምባውን ዝቅ አድርጎ ልጁን እያየ ቆመ። የዚያን ቀን ጉብታው ላይ ወጥቶ ስም ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ። ሰው ለሟቹ ያዘነ መሰለው።

ጥሩብርሃን ከዚያ በኋላ ልጇን አዝላ ያልገባችበት የጸሎት ቤት የለም። ጾመች። ዘይት አስቀባች። ኢዲዶ የሚባል መንደር ጸሎቱ የሚሰማ ሰው አለ ሲሏት በጭቃ በእግሯ ሄዳ አስጸለየች። «የጌታ ጊዜ ሲደርስ ይከፈታል» አሏት። እሷም አመነች። ልጅቷ እያደገች ስትሄድ ጠዋት ጠዋት ከኋላዋ ስሟን ትጠራታለች፤ ዛሬ ትዞር እንደሆነ።

«ሟቹ ምን ይሠራ ነበር?» አለች ከአግዳሚው ጫፍ አንዲት ሴት፣ በሹክሹክታ።

«ቡና መጋዘን ነው አሉ፤ ጫኝና አውራጅ። ከኮቸሬ የመጡ ናቸው። ገና ዓመታቸው ነው።»

«ያ ጮክ ብሎ ሰላም የሚለው ሰውዬ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እኔ እኮ መጀመሪያ ደህና አልመሰለኝም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ነበር የሚጣራው። በኋላ ዝም አለ፤ እጁን ብቻ ያነሳ ጀመር።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ጥሩብርሃን ሁሉንም ሰምታለች። አልከፋትም። ሰዎቹ አያውቁትም፤ ምን ያድርጉ? ጠዋት የጸለዩት ሽማግሌም «ወንድማችንን ደሳለኝን» እያሉ ነበር የጸለዩት። የሚያርማቸው አልተገኘም፤ እሷም አፏን መክፈት አቃታት። የጨለለቅቱ ሰዎች በአይሱዙ ተጭነው መጥተው፣ አልቅሰው፣ ቀብረውት በዚያው ቀን ተመልሰዋል። ከእነሱ የቀረው የደበበ ታላቅ ወንድም ይርጉ ብቻ ነው።

ድንኳኑም በመከራ ነው የተተከለው። የሰፈሩ እድር መዝግቧቸው ነበር፤ ግን አዲስ አባል ጊዜውን ሳይጨርስ ሞት ቢደርስበት ድንኳን እንደማይወጣለት ደንቡ ይላል። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረኪዳን በሩ ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ እያፈሩ ይህንኑ ነገሯቸው። ሀጅራ ከሱቋ ወጥታ ሰማች።

«ሰውዬው ደንቡን አልጠበቀም» አለቻቸው። «አሁን ምን እናድርገው፣ አቶ ገብረኪዳን? ፀሐይ ላይ እናስቀምጠው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱና ድንኳኑን በጋሪ አስጭነው ተመለሱ። ሞቱን የተናገረ ጥሩምባ ግን አልነበረም። የአገሬውን ሞት ሁሉ የጠራ ሰው፣ የእሱን ሞት ሀጅራ በየበሩ እያንኳኳች ነገረችለት።

ወደ ዲላ መምጣቱን ያነሳው ደበበ ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች በእጃቸው የሚማሩበት ክፍል እዚያ እንዳለ ከአንድ አስተማሪ ሰማ። በዚያው ቀን እየሮጠ ቤት ገባ።

«እንሂድ» አላት።

«ሰዋችን እዚህ አይደል እንዴ?» አለችው። «እዚያ ብንሞት ማን ይቀብረናል?»

«መጀመሪያ እንኑር እስቲ።»

አልጋቸውን፣ ጀሪካኖቻቸውን፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጯቸውን ጭነው መጡ። ከአስፋልቱ ወደ ላይ ሽቅብ የሚወጣው የጭቃ መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። ሰፈሩ ከየአገሩ የተሰባሰበ ነው፤ ጠዋት ሁሉም በሩን ቆልፎ ይወጣል፣ ማታ ቆልፎ ይተኛል። ጥሩብርሃን ከሀጅራ ሱቅ በቀር የምትደርስበት አልነበራትም። ጨለለቅቱ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ወሬ ይዛ የምትመለስ ሴት፣ እዚህ ግቢዋ ውስጥ ከቧንቧ ቀድታ ዝም ብላ ትገባለች። ቡና ሲደርስ ደበበ ማሳውን ሊያይ ሞተር ተከራይቶ ይሄዳል፤ ቆጮና የሰው ሰላምታ ይዞላት ይመጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች የእጅ ቋንቋ ያስተምራል። ደበበ አንድም ቀን አልቀረም። ሲመለስ ከትንቢት ጋር ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው እጆቻቸውን ያወናጭፋሉ። እሱ ይሳሳታል። ልጅቷ ትስቃለች፤ ከሆዷ፣ በትልቅ ድምፅ፣ ጨለለቅቱ ስቃ የማታውቀውን ሳቅ። ጥሩብርሃን በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«አንቺም ነይ እንጂ።»

«እኔ በእጅ መናገር የተማርኩ ቀን፣ ጌታን በቃህ አልኩት ማለት ነው» አለችው። «ይከፍትላታል ብዬ ለምኛለሁ። አሁንም እየለመንኩ ነው።»

ደበበ ተቆጥቷት አያውቅም፤ ያን ቀንም አልተቆጣም።

«ይክፈትላት» አለ። «እስኪከፍትላት ድረስ ግን ምን እያልናት እንቆይ?»

ወደ ቤት ዞራ ገባች። ከዚያ ወዲህም አልጠየቃትም። ከትናንት በስቲያ ከማሳው ሲመለስ ከይርጋጨፌ ወዲህ ዝናብ ባራሰው አስፋልት ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ዲላ ያደረሱት ሕይወቱ ካለፈ በኋላ ነው። ይርጉ አስከሬኑን ወደ ጨለለቅቱ እንመልስ ሲል ጥሩብርሃን፣ «ቤቱ እዚህ ነው፤ እዚህ ይቀበር» አለች። የሰማት ሁሉ ተገረመ። እሷም ከሁሉ ይልቅ ተገረመች። ጨለለቅቱን ስትለቅ ሦስት ቀን ያለቀሰችው እሷ አይደለችም?

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ይርጉ መጥቶ ከፍራሹ አጠገብ ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። ጢሙን አልተላጨም።

«ጥሩ፣ ነገ ድንኳኑ ሲነሳ መኪና እጠራለሁ» አላት። «ዕቃሽን እንጭናለን። ቤትሽ እንዳለ ነው። እንሰቱ አለ፣ ቡናው አለ፣ ሰው አለ። እዚህ ማን አለሽ?»

«ትንቢትስ፣ ጋሼ?»

«እሷ ምን ትሆናለች? ቡና ትለቅማለች። እጅ አላት፣ ዓይን አላት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ባይመጣ ወንድሜ በሕይወት ነበር። አንቺን አይደለም የምወቅሰው። ግን ነበር።»

ጥሩብርሃን ይህን ጥሪ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው ኖራለች። ቤትሽ እንዳለ ነው፣ ነይ የሚላትን ሰው። አሁን ሲላት ግን ምንም አልተሰማትም።

«ልጅቷ እኮ አልተነገራትም» አለች። «ቀብሩ ላይ አልነበረችም። ሀጅራ ቤት ነበረች።»

«በምን ይነገራታል? ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች።»

ያን ጊዜ መምህር እዮብ ገባ፤ የትንቢት አስተማሪ ነው። ከኋላው ከክፍሏ ልጆች ጥቂቱ ዩኒፎርም ለብሰው ተከትለውታል። ትንቢት ስታየው ከድንኳኑ ጥግ ሮጣ መጣችና ፊቱ ቆማ መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። መምህሩ ፊቱ ተለወጠ። በእጁ አንድ አጭር ነገር መልሶላት፣ ከጓደኞቿ ጋር አስቀምጧት፣ መጥቶ ጥሩብርሃን ፊት ቁጢጥ አለ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ የትንቢት እናት» አለ። «አልነገራችኋትም እንዴ?»

«እንዴት አወቁ?»

«አባቴ የት ነው እያለችኝ ነው።»

«ጉሮሮዋን አሟት ነው እኮ። ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናት።»

መምህሩ ወደ ልጅቷ ዞር ብሎ አየ።

«እሱ የአባቷ ስም ነው» አለ። «በእጅ ቋንቋ ለምንወደው ሰው የምልክት ስም እናወጣለን። እሷ ያወጣችላቸው ይህን ነው። ሕፃን ሳለች እያዘሉ ሲዘምሩ እጇን ጉሮሯቸው ላይ ታደርግ ነበር አሉ። እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ድምፃቸውን በመዳፏ ነበር የምታገኘው።»

ሀጅራ ኩባያ ይዛ ቆማ ነበር። ኩባያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከትናንት ጀምሮ ልጅቷ ድንኳኑ ውስጥ ያለችን ሴት ሁሉ አንድ በአንድ አባቴ የት ነው ብላ ጠይቃለች። እነሱ ውሃ ሲሰጧት ነበር።

«ከፈለጉ እኔ ልንገራት» አለ መምህሩ። «እኔ ብነግራት ይሻላል። ለእርስዎ ይከብዳል።»

ጥሩብርሃን እሺ ልትል አፏን ከፈተች። እፎይ ባለች ነበር። ልጅቷን አየች፤ ከጓደኞቿ መሐል ሆና እነሱን ነው የምታየው፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

«አይ፣ እናቷ ነኝ» አለች። «ያሳዩኝ።»

መምህሩ አሳያት። አንዱ መዳፍ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፤ ከዚያ ሁለቱም አብረው ይገለበጣሉ። ይኸው ነው፤ ሞተ ማለት ነው። ጥሩብርሃን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ሞከረችው። ቆጮ ሲፍቁ፣ እርጥብ ቡና ሲያገላብጡ የኖሩት ጣቶቿ ተገተሩባት። እንደገና ሞከረች። በልቧ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» አለች፤ ለምኑ ይቅር እንዲላት እንደምትለምን ግን ለራሷም አልለየላትም።

ተነሣች። በይርጉ በኩል ስታልፍ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ መኪናውን አይጥሩት» አለችው። «ሰኞ ትምህርት አላት።»

ልጇን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተንበረከከችና ፊቷን ከልጅቷ ፊት ጋር እኩል አደረገች። ከዚያ መዳፏን አንስታ የራሷ ጉሮሮ ላይ አስቀመጠች።

የትንቢት ፊት በራ። እናቷ ስታናግራት የመጀመሪያዋ ነው። ራሷን ቶሎ ቶሎ ነቀነቀች፤ አዎ፣ እሱ፣ የት ነው? ዓይኗ ወደ መንገዱ ሄዶ ተመለሰ።

ጥሩብርሃን ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ ገለበጠቻቸው። ምልክቱ ተበላሸባት። ልጅቷ እየጠበቀች ፈገግ እንዳለች ናት። እናትየው እጇን ሰበሰበች፤ ጉሮሮዋን ነካች፤ መዳፎቿን ዘረጋች፤ ቀስ ብላ ገለበጠች። አሁን ተስተካክሏል። ፈገግታው ከልጅቷ ከንፈር ላይ አልጠፋም፤ እዚያው ቀረ፤ ዓይኗ ግን አልተከተለውም። እናቷ አልገባትም ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ልትለው እጆቿን ዘረጋች።

ትንቢት ያዘቻቸው። ሁለቱንም የእናቷን እጆች አጣብቃ፣ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ሌላ ምንም እንዳይሉ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጨምቃ ያዘቻቸው። ከድንኳኑ መዝሙር ተጀመረ። ጥሩብርሃን ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ድረስ እጆቿን አልነጠቀቻትም።